ሙሉ ነው ትላለች

ሌላው ሰው የልጅነቱን ዘመን የሚያስታውሰው በአበባ ሽታ፣ ከምድጃ በወጣ ዳቦ ሽታ ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ የእኔ ትዝታ የሚነሳው ከቆሻሻ ገንዳ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ዘመዴን ልጠይቅ ጋሉስ ሰፈር ሄጄ ትራም ስጠብቅ ዝናቡ በረታብኝና አንድ ግቢ ውስጥ ገብቼ ተጠለልኩ። አንዲት ሴትዮ ፌስታሏን ይዛ መጣችና የገንዳውን ክዳን ብድግ አደረገችው። የረጠበ ካርቶን፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ደግሞ አንድ የኮመጠጠ ነገር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ፊቴን ማዞር ሲገባኝ ጭራሽ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ሴትዮዋ "ይቺ ጤነኛ ናት?" በሚል ዓይን አየችኝ፤ አልፈረድኩባትም። ዙሪያዬን ሳይ ግቢውን አወቅኩት። ያ የእኛ አዳራሽ ያለበት ግቢ ነበር፤ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ጋሽ ተረፈ ይቆምበት የነበረው በርም እዚያው ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቢጫው የቆሻሻ ከረጢት ገና አዲስ ነገር ስለነበር ጀርመኖቹ ራሳቸው የቱን የት እንደሚጥሉ ግራ ገብቷቸው ደረጃ ላይ ቆመው ይከራከሩ ነበር። የክፍላችን አስተማሪ ፍራው ሊንደ ግን ግራ የሚገባት ሰው አልነበረችም። አንድ ጠዋት ባልዲዎች ደርድራ ጠበቀችን። ቢጫው ለፕላስቲክና ለቆርቆሮ፣ ቡናማው ለልጣጭና ለምግብ ትራፊ፣ አንዱ ለወረቀት፣ ግራጫው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ለቀረው። ግራጫው ላይ "ሬስት" ብላ ጽፋበታለች፤ የተረፈ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞራ በትልልቁ "ፈርማይደን" ብላ ጻፈች፤ ማስቀረት ማለት ነው።

"ከቆሻሻ ሁሉ የሚሻለው" አለች "ያልመጣው ቆሻሻ ነው።"

እኔ እጄን አውጥቼ፣ ካልመጣ ታዲያ እንዴት ቆሻሻ ይባላል ብዬ ጠየቅኳት። "ልክ ነሽ!" ብላ በደስታ አጨበጨበች። በምኑ ልክ እንደሆንኩ ስላልገባኝ ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ከሱቅ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ አንዲት ክብ አረንጓዴ ምልክት ነበረችው። ፍራው ሊንደ ይቺ ምልክት ያለችበትን ማሸጊያ ቢጫው ውስጥ ጣሉ ነው ያለችን። እኔ ደግሞ በግማሽ ጆሮዬ ሰምቼ፣ ምልክቷ ያለችበት ምግብ የተፈቀደ፣ የሌለችበት ያልተፈቀደ ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ። ማታ እማዬ ሽሮ አቀረበች።

"አልበላም" አልኳት።

"ለምን?"

"አልተፈቀደም።"

"ማነው የከለከለው?"

"ጀርመን።"

እማዬ ቀኑን ሙሉ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ የመጣች ሴት ናት፤ ወገቧን ይዛ አየችኝ። "ጀርመን በእኔ ሽሮ ምን አገባት!" አለች። ታናሽ ወንድሜ ዮናስ፣ በአማርኛ ሲጠየቅ በጀርመንኛ የሚመልሰው ጉደኛ፣ ስለ አረንጓዴዋ ምልክት አስረዳት። እሷም ተነስታ ከቁም ሳጥኑ የሽሮውን ዕቃ አወጣች። እኛ ቤት በርበሬውም ሽሮውም የሚቀመጠው በአይስክሬም ዕቃ ነበር፤ ስንት ጊዜ አይስክሬም አገኘሁ ብዬ ከፍቼ በርበሬ አስነጥሶኛል። ዕቃውን ገልብጣ ቂጡን አሳየችኝ። አረንጓዴዋ ምልክት ቁጭ ብላለች።

"ይኸውልሽ፣ ጀርመን ፈቅዳለች። ብይ!"

በላሁ። ምን ላድርግ፣ ማስረጃው ቀረበ።

በዚያው ሰሞን ፍራው ሊንደ ቤታችሁ ምን ምን እንደሚጣል አይታችሁ ኑና ንገሩን አለች። ልጆቹ ስለ ጣሳ፣ ስለ ካርቶን፣ ስለ ደረቀ ዳቦ ሲያወሩ እኔ የምናገረው አጣሁ። እማዬ ዳቦ ሲደርቅ ፍርፍር ታደርገዋለች፣ የሰናፍጭ ብርጭቆ ሲያልቅ ውኃ መጠጫ ይሆናል፣ ፌስታል ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል። "እኛ ቤት የሚጣል የለም" አልኩ በሐፍረት፤ ድህነታችንን ያጋለጥኩ መስሎኝ። ፍራው ሊንደ ግን በመላው ክፍል ፊት አመሰገነችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን የቆሻሻ ሊቅ አድርጌ ቆጠርኩ፤ ማንም ሰው አንድ ነገር ሲጥል ካየሁ ዝም አልልም። አባዬ ፌኸንሃይም ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሠርቶ ደክሞት ሲመጣ እንኳ የሲጋራ ፓኮውን ተቀብዬ ወረቀቱን ከላስቲኩ እለይለት ነበር። "ይቺን ልጅ ትምህርት ቤት የላክናት ቆሻሻ ልታጠና ነው?" ይል ነበር።

እሁድ ሲመጣ ግን ሊቅነቴ ሁሉ አፈር ይበላል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የምናመልከው ከአንድ የጀርመን ቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ከዚያ በፊት ኖርድኤንድ ሰፈር አንድ ቦታ ነበረን፤ ጎረቤቶቹ መዝሙሩ በዛብን አሉና ወጣን። ከዚያ ፌኸንሃይም ፋብሪካ አጠገብ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል አገኘን፤ እሱም ፈረሰ። ስለዚህ ፓስተራችን በየእሁዱ "ይሄን አዳራሽ ጠብቁት፤ ከዚህ ከወጣን መግቢያ የለንም" ይል ነበር። ለእኔ ደግሞ አዳራሹ ሌላ ነገር ነበር። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ በዝምታ ትውላለች፣ ብትናገርም ባጭሩ ነው። እዚያ ግን ከጓደኞቿ ጋር ስትገጣጠም ትስቃለች፤ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጇን በእጇ እየመታች። ያንን ሳቅ ሌላ የትም ሰምቼው አላውቅም። አዳራሹን ማጣት ለእኔ እሱን ማጣት ነበር።

ቁልፉ ያለው ጋሽ ተረፈ ዘንድ ነው። ጋሽ ተረፈ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንዲት ቡናማ ኮት የሚለብስ ሽማግሌ ነበር። ዛሬ ሳስበው ስድሳም አልሞላውም ይሆናል፣ ያኔ ግን ከኖኅ ጋር መርከብ የገባ ይመስለኝ ነበር። ቁልፉን በቀይ ክር አስሮ በውስጥ ኪሱ ይይዛል፤ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ይከፍታል፣ ከሁሉ በኋላ ዘግቶ ይሄዳል። ጀርመንኛው "ጉተን ታግ"፣ "ዳንከ" እና "ካይን ፕሮብሌም" ናት፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ከትራምና ከአውቶቡስ የለቀማት ጥቂት ቃል። ምንም ቢሉት "ካይን ፕሮብሌም" ነው መልሱ፤ ቢመርቁትም ቢሰድቡትም ችግር የለም ነው።

ከአምልኮ በኋላ ሁላችንም አብረን እንበላለን። ወጥ ቤቱን የምትመራው እትዬ አልማዝ ነበረች፤ እጇ ለወጥ የተባረከ፣ አፏ ለሙግት የተባረከ። እትዬ አልማዝ አዳራሹን የያዝን ዕለት አንድ ሕግ አወጣች። "በሰው አገር ነን። በአንድ ትሪ ዙሪያ ተኮልኩለን ስንበላ ቢያዩን ምን ይሉናል? እንደ ሠለጠነ ሰው ለየብቻ ነው የምንበላው" አለች። ስለዚህ ለያንዳንዱ ሰው የፕላስቲክ ሳህን፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ደግሞ ማንም የማይነካው የፕላስቲክ ሹካ ይሰጣል። እንጀራው እዚያች ሳህን ላይ ታጥፎ ታጥፎ መሀረብ ያህላል፤ ወጡም በጎን ይፈሳል። ተበልቶ ሲያልቅ ሁሉም፣ ያልተነካው ሹካ ጭምር፣ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከረጢቶቹን ግቢ የሚያወጡት ልጆች ናቸው፤ እኔና ዮናስ እየጎተትን እንወስዳለን። ገንዳው ስለሚሞላ አጠገቡ መሬት ላይ እንቆልለዋለን፤ ቁራዎቹ ሰኞን እንኳ ሳይጠብቁ ይዘረግፉታል። እኔ፣ የፍራው ሊንደ ምስጉን ተማሪ፣ የዮናስን እጅ ይዤ ዞር ብዬ ሳላይ ነበር ወደ ውስጥ የምሮጠው።

ፍራው ኬለር የምትባል ሀውስማይስተር ነበረች፤ ሕንፃውን የምትጠብቅ፣ ከአዳራሹ በላይ የምትኖር ሴት። አንድ እሁድ፣ ሌላው ሰው ሳይመጣ፣ ጋሽ ተረፈ በር ሲከፍት ወርዳ አናገረችው። ምን እንዳለችው ያኔ እሱ ብቻ ነው የሰማው። ሕዝቡ ሲሰበሰብ መድረኩ ጋ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ወገኖቼ፣ ፍራው ኬለር ተቆጥታለች። ሙሉ ነው ትላለች።"

"ምኑ?"

"አዳራሹ ነዋ። በዝተናል፤ ሙሉ ነው ትላለች።"

ሁሉም ዙሪያውን አየ። እውነትም ሙሉ ነበር፤ ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ጭን ላይ፣ ጎረምሶቹ ግድግዳ ተደግፈው። ማን ይጠራጠራል? አንዷ እህት "ጌታ ሆይ፣ ድንኳናችንን አስፋልን!" ብላ እዚያው ጸሎት ጀመረች፤ አሜኑ ጣራውን ነቀነቀው።

ከዚያ ወዲያ ሙላቱን ለመቀነስ ያላደረግነው የለም። መጀመሪያ ልጆች ኮሪደር ላይ እንድንቀመጥ ተደረገ። ከዚያ እንግዳ መጋበዝ ቀረ። ከእማዬ ጋር የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እማዬ ነይ እያለች ስትለምናት ከርማ በመጨረሻ "እሺ፣ እሁድ እመጣለሁ" ስትላት፣ እማዬ "አሁን አይሆንም እህቴ፣ ሙሉ ነው" ብላ መለሰቻት። በመጨረሻም ፓስተሩ ሕዝቡን ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ግማሹ በሁለተኛው። እማዬ ከመጀመሪያዎቹ፣ ጓደኞቿ በሙሉ ከሁለተኞቹ ሆኑ። ሳቋ ቆመ። በልታ፣ ኮቷን ለብሳ፣ "ኑ እንሂድ" ትለናለች።

አሁን ልብ በሉ። ሁለት ጊዜ ከተሰበሰብን ሁለት ጊዜ እንበላለን። የመጀመሪያው ፈረቃ በልቶ ሳህኑን ይጥላል፤ ሁለተኛው ፈረቃ በልቶ ሳህኑን ይጥላል። ሳይሄድ የቆየ ሰው ደግሞ ከሁለቱም ይበላል። ሙላቱን ስንቀንስ ከረጢቱ በዛ። ፍራው ኬለር በየእሁዱ ፊቷ እየቀላ ትወርዳለች፤ ጋሽ ተረፈም "ካይን ፕሮብሌም፣ ካይን ፕሮብሌም" ይላታል። ከዚያ ገብቶ "አሁንም ሙሉ ነው ትላለች" ይለናል። "ከዚህ በላይ እንዴት እንቀንስ? እንሙት?" አለች እትዬ አልማዝ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ መቀመጤ ነው ጉዱን ያወጣው። አንድ እሁድ ከዮናስ ጋር ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ስንጫወት ፍራው ኬለር የተቀደደ ከረጢት በእጇ አንጠልጥላ መጣች። ጋሽ ተረፈን ከበሩ ላይ ያዘችው። በጣቷ ግቢውን እያሳየች "ሙል! አሌስ ፎል ሙል!" አለች። ከዚያ ጣቷን አነሳች፤ አንድ እሁድ ብቻ እንደምትታገስ፣ ግቢው እንደገና እንዲህ ከሆነ ግን ቁልፉን እንደምትቀበለው ነገረችው። ጋሽ ተረፈ ቁልፍ የሚለውን ቃል ያውቀው ኖሯል። እጁ ወደ ውስጥ ኪሱ ሄደ፤ "ካይን ፕሮብሌም"ም ጠፋችው።

ሙል! ፍራው ሊንደ በቀን መቶ ጊዜ የምትለው ቃል!

"ጋሽ ተረፈ" አልኩት ሴትዮዋ ስትሄድ "ሙሉ አይደለም እኮ ያለችው።"

"ታዲያ ምን አለች?"

"ሙል።"

"እኔስ ምን አልኩ? ሙሉ።"

"ኧረ ሙሉ አይደለም፣ ሙል!"

"አንቺ ልጅ፣ አማርኛ ታስተምሪኝ ጀመር? ራሷ ናት በአፏ የነገረችኝ። ፎልም አለች፣ ሙልም አለች። ፎል ማለት ሙሉ ነው፤ ትራሙ ሲሞላ ሹፌሩ ይላል። ባይገባኝ ብላ ደግሞ በአማርኛ ደገመችልኝ፤ ከእኛ ጋር ስትውል ስትውል ለምዳ ነው ብዬ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።"

ዮናስ መሬት ላይ ተንከባለለ በሳቅ። እኔ የጋሽ ተረፈን እጅ ይዤ ወደ ግቢው ወሰድኩት። ከረጢቶቹ ተቆልለዋል፤ ሳህኑና ሹካው ተበትኗል፤ ቁራው አንድ ኩባያ ውስጥ ጭንቅላቱን አስገብቷል። "ይኸው፣ ይሄ ነው ሙል። ቆሻሻ ማለት ነው" አልኩት።

ከቆሻሻው ይልቅ የእኔን ፊት ነበር የሚያየው ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ሐፍረት ሽማግሌ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። "ስንት እሁድ ቆሻሻችሁን አንሱ ስትለኝ፣ እኔ ሰው ሳባርር ነበር?" አለ። እንግዶቹን፣ ሕፃናቱን፣ የእማዬን ጓደኛ ማሰቡ ነበር። ደነገጥኩ፤ ያጽናናው መስሎኝ ገንዳዎቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ የተማርኩትን ሁሉ ላስረዳው ጀመርኩ። ይሄ ለወረቀት ነው፣ ይሄ ለልጣጭ ነው፣ ግራጫው...

"ይሄኛው ላይ የተጻፈው ምን ይላል?"

"ሬስት። በአማርኛ... ተረፈ።"

"ተረፈ?"

"አዎ። ምንም የማይሆን፣ የማይጠቅም፣ የሚጣል ነገር።"

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ስሙ መሆኑ ትዝ ያለኝ። አፌን ያዝኩ። እሱ ግን ሳቀ፤ ዓይኑ ጥግ ላይ እንባ ነበረች፣ ከየትኛው ነገር እንደመጣች አላውቅም። ከገንዳው አጠገብ ካለችው የድንጋይ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፣ እኔንም አስቀመጠኝ።

"ስሚኝ ልጄ። እናቴ ልጅ አላድግላት ብሎ ስታለቅስ የኖረች ሴት ነበረች። ከእኔ በፊት የነበሩትን ሁሉ ኩፍኝ ወሰዳቸው። እኔንም ይዞኝ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሄም ይሄዳል ብሎ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ አልሄድኩም። ተረፈ አለችኝ። አየሽ፣ የተረፈ ማለት የሚጣለው አይደለም። ሳይጣል የቀረው ነው።"

ከዚያ ተነስቶ ኮቱን አራገፈና ወደ አዳራሹ ገባ። መድረኩ ላይ ወጥቶ "ወገኖቼ፣ ሙሉ አይደለንም። ቆሻሾች ነን" አለ። ነገሩን ከስር ከመሠረቱ አስረዳ፤ የራሱን ስህተት ሳይደብቅ፣ "በአማርኛ ደገመችልኝ" ያላትን ሳይቀር። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሳቅ ፈነዳ። እማዬ ናት፤ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጇን በእጇ እየመታች። አዳራሹ ሁሉ ተከተላት። ጋሽ ተረፈም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ሲያልቅ "ቁልፉን በሚቀጥለው እሁድ ትቀበለኛለች" አለ።

ምክር ተጀመረ። አንዱ ከረጢቶቹን ተካፍለን በትራም ቤታችን እንውሰድ አለ። ሌላው የጎረቤት ገንዳ አለ፣ በጨለማ እዚያ እንጣለው አለ። እትዬ አልማዝ ትልቅ ገንዳ እንከራይ አለች። እኔ እናቴ ጎን ቆሜ ስሰማ፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈችው ያቺ ቃል ድንገት ገባችኝ። ያልመጣ ቆሻሻ! ልክ ነሽ ያለችኝ በዚህ ነበር ለካ!

"ካልመጣ አይጣልም" አልኩ።

"ምኑ፣ የኔ እናት?"

"ሳህኑ። እኛ ቤት እኮ በትሪ ነው የምንበላው። እዚህ ለምንድን ነው በሳህን የምንበላው?"

እትዬ አልማዝ "ፈረንጅ ቢያይስ? ምን ይለናል?" አለች።

ጋሽ ተረፈ ወደ እሷ ዞረ። "አልማዝዬ፣ ፈረንጅማ የሚለውን ብሏል። ሙል ብሏል።"

ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። ትሪ ያለው ትሪ ሊያመጣ ተስማማ። የኩባያውን ጉዳይ ደግሞ እኛ ልጆች ወሰድነው። ሳምንቱን ሙሉ በየሐበሻው ቤት እየዞርን የሰናፍጭ ብርጭቆ ሰበሰብን፤ የሰናፍጭ ብርጭቆ የሌለበት ቤት አልነበረም። በያንዳንዱ ላይ ባለቀለም ክር አሰርን፤ ማን ከየትኛው እንደጠጣ እንዲያውቅና ሁለተኛ ብርጭቆ እንዳይጠይቅ። ከቤት ባልዲ አምጥቼ እንደ ፍራው ሊንደ ደረደርኩ፤ ማንበብ ለማይችሉት ሥዕል ሣልኩበት። ዓሣ አጥንት ለመሣል ብዙ ለፋሁ፤ አንዲት እናት አይታ "ይቺ ማበጠሪያ ለምንድን ናት?" አለችኝ።

እሁድ መጣ። ሕዝቡ እንደ ድሮው በአንድ ሰዓት ተሰበሰበ፤ ልጆች ከኮሪደሩ ተመለስን። የእማዬ የሥራ ጓደኛም መጣች፤ እማዬ እጇን ሳትለቅ አስቀመጠቻት። ከአምልኮ በኋላ ትሪዎቹ ወጡ። በየትሪው ዙሪያ ወንበር ተጠጋግቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀመጠ። ያ ለየብቻው ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ይበላ የነበረ ሕዝብ፣ "ጎመኑ ወደዚህም ይሻገር እንጂ!"፣ "ጎራረሱ እንጂ!" እያለ ይንጫጫ ጀመር። እትዬ አልማዝ እንኳ፣ ፊቷን ብታኮሳትርም፣ ሦስት ትሪ እየዞረች ቀመሰች። ወጥ የነካው እንጀራ ሁሉ ስለተበላ ትሪዎቹ ነጭ ሆነው ተመለሱ። ዮናስ ባልዲዎቹ ጋ ዘብ ቆሞ ነበር፤ ፓስተሩ የሎሚ ልጣጭ ግራጫው ውስጥ ሊጥል ሲል እጁን ያዘው። "ናይን! ቢዮ!" አለው። ፓስተሩ ይቅርታ ጠይቆ ቡናማው ውስጥ ጣለው።

ጋሽ ተረፈ ሊበላ አልተቀመጠም። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከወንዶቹ ጋር ወጥ ቤት ትሪ ያጥባል። ኮቱን ግን በመንጠቆ ላይ አልሰቀለውም፤ ከዓይኑ እንዳይርቅ አጠገቡ ወንበር ላይ አኑሮታል። ቁልፉ አለበት።

ፍራው ኬለር መጣች። ማንንም ሳታናግር በቀጥታ ወደ ግቢ ሄደች፤ እኔ ተርጓሚ ተብዬ ተከተልኳት። መሬቱ ተጠርጓል። ቡናማውን ገንዳ ከፈተች፤ ትንሽ ልጣጭ። ቢጫውን ከፈተች፤ የዘይት ዕቃ። ግራጫውን ከፈተች። ባዶ። ጎንበስ ብላ እስከ ቂጡ አየችው። ከዚያ ከገንዳው ኋላ አየች፣ ከግንቡ ሥር አየች፤ የሆነ ቦታ የደበቅነው ነው የመሰላት። ተመልሳ አዳራሹ በር ላይ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

"ኡንድ ዴር ሬስት?"

የተረፈውስ የት አለ ማለቷ ነው። የእኔ አማርኛ ያኔ ብዙም ስላልነበረ፣ በሰው ሁሉ ፊት ደግሞ ስለደነገጥኩ፣ ባለ በሌለ ድምፄ "ተረፈስ የት አለ ትላለች!" ብዬ ጮህኩ።

"አቤት!" የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ።

ጋሽ ተረፈ ወጣ። እጁ እስከ ክርኑ የሳሙና አረፋ ነው፤ ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል። በሰዎቹ መሀል ቀስ ብሎ መጥቶ ፍራው ኬለር ፊት ቆመ፤ እጁን በሸሚዙ ጠረገና ከኮቱ ውስጥ ኪስ ቁልፉን በቀይ ክሩ አወጣው። በሁለት እጁ ዘረጋላት። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ፍራው ኬለር ቁልፉን አየች፣ እኔን አየች። ምን ፈልጎ ነው አለችኝ። እኔም እየተንተባተብኩ ነገርኳት፤ የጠራሽው መስሎት ነው፣ ስሙ ሬስት ነው አልኳት። አልገባትም፤ ደግሜ ነገርኳት። እናቱ፣ ልጆቿ አልቀው እሱ ብቻ ሲቀርላት ያወጣችለት ስም ነው አልኳት። ሴትዮዋ ቁልፉን የዘረጉትን እርጥብ እጆች አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ የተረፈ የለም ወይ አለችኝ።

"ሌላስ የለም ወይ ትላለች፣ ጋሽ ተረፈ።"

"የለም በያት" አለ። "የተረፍኩት እኔ ነኝ።"

ተረጎምኩላት። ፍራው ኬለር የእሱን ጣቶች አንድ በአንድ በቁልፉ ላይ አጠፈቻቸው። "ቢስ ዞንታግ፣ ሄር ተረፈ" አለችና ወጣች።

ጋሽ ተረፈ ቁልፉን እንደጨበጠ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ምን አለች?"

"እስከ እሁድ አለች።"

"ሙሉ አላለችም?"

"አላለችም፣ ጋሼ።"